የነቀዝ የልጅ ልጅ የምትቆጥረው እመቤት

የተቆጣ ሕዝብን የሚበትነው ፖሊስ እንዳይመስላችሁ። ዱላም፣ ዝናብም አይበትነውም። የተቆጣ ሕዝብን የሚበትነው ከኋላ ወንበር ላይ እጁን አውጥቶ አንዲት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ፤ በየሕንጻው አንድ አለ። እናንተ ጠረጴዛ ልትገለብጡ ስትነሡ እሱ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ስንት እግር እንዳለው ያያል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ጎረቤታችሁ ይሆንና በር ትዘጉበታላችሁ። ዕድለኛ ካልሆናችሁ ትዛመዱታላችሁ።

እኔ ተዛምጃለሁ።

የእኔዋ የባሌ ታላቅ እህት ናት። እኛ ምድር ቤት፣ እሷ የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ አንድ ሕንጻ ውስጥ እንኖራለን። ፊት ለፊት «እትዬ» እላታለሁ። ከኋላዋ ግን ማዕረጓን ሳላጎድል «ክብርት እመቤት ሲተያይ» ነው የምላት። ማዕረጉን በላቧ ነው ያገኘችው። ማንም፣ የትም፣ ስለ ምንም ነገር አፉን ቢከፍት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ ታደርግና «ከምን ጋር ሲተያይ?» ትላለች።

«ዛሬ ሾርባው ጨው በዛበት» ይላል ባሌ።

«ከምን ጋር ሲተያይ?»

«ካንቺ ጠባይ ጋር!» እላለሁ እኔ።

እሷ ግን ሥራ ላይ ናት። ከድስቱ አንድ ማንኪያ፣ ከወንድሟ ሳህን አንድ ማንኪያ ትቀምስና ፍርዷን ትሰጣለች፦ «የድስቱ ደኅና ነው። ሳህንህ ላይ አንተው ነህ የነሰነስከው።» የሚያቃጥለኝ መሳሳቷ ቢሆን ጥሩ ነበር። የሚያቃጥለኝ አለመሳሳቷ ነው።

አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ለካትና «የደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል» አላት። «ከምን ጋር ሲተያይ? አሳንሰሩ ስለተበላሸ በደረጃ ነው የወጣሁት። እስቲ እርስዎም ወርደው ይውጡና የሁለታችንም ይለካ።» ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ይሉኝታ ያዘውና ወረደ። ሲመለስ የእሱ በለጠ። መድኃኒት ሳታዝዝለት መቅረቷ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ለቅሶ ቤት ደግሞ አለላችሁ። የሟች ሚስት «እንደሱ ያለ ደግ ሰው በዚህች ምድር አልተፈጠረም!» ብላ ስትጮህ የእመቤት ሲተያይ ከንፈር ሲላወስ አየሁ። ባሌ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ ቆነጠጥናት። በትዳራችን ውስጥ ሳንነጋገር የተስማማንበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

ሥራዋን ብነግራችሁ ደግሞ ታዝኑልኛላችሁ። ሰው ከስንዴው ላይ እያራገፈ የሚጥለውን ነቀዝ እሷ ታረባለች። በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ትንሽ ክፍል አላት። መደርደሪያው ሁሉ ስንዴ በተሞላ ጠርሙስ ተጨናንቋል፤ የየጠርሙሱ አፍ በስስ ጨርቅ ታስሯል። ጥግ ላይ አንድ ማይክሮዌቭ ቆሟል፤ ያው እናንተ ምግብ የምታሞቁበት ዓይነት ሳጥን ነው፣ የእሷው ተለቅ ይላል።

«ነቀዝን እዚህ ውስጥ ብታስገቢው መሞቱን ማንም ያውቃል» አለችኝ አንድ ቀን። «የእኔ ጥያቄ ያልሞተው ነው። ተርፎ የወጣው ይወልዳል ወይ? ቢወልድስ፣ ጉዳቱ በዘር ወደ ልጅ ልጁ ይተላለፋል ወይ?»

«ታዲያ ይተላለፋል?»

«ገና ነው።»

ይህን «ገና ነው» የሚሉትን ቃል ከመዝገበ ቃላት ላይ ባስፍቀው ደስ ይለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። እናት ነቀዝ የስንዴዋን ፍሬ ትበሳለች፣ አንድ እንቁላል ታስቀምጣለች፣ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍናለች። ልጇ እዚያው ውስጥ ስንዴውን እየበላ ያድግና ቀዶት ይወጣል። እስኪወጣ ድረስ ፍሬው ከውጭ ጤነኛ ነው፤ ውስጡ ሰው ይኑር አይኑር አታውቁም።

«ካልወጣስ?» አልኳት።

«አለመውጣቱን ለማወቅም መጠበቅ ነው።»

በዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ጠርሙስ ታዘጋጃለች። የመጀመሪያዎቹ ማይክሮዌቭ የገቡት ናቸው። ማይክሮዌቭ ግን ሞገዱን ሲለቅ ያሞቃልም፤ ስለዚህ ነቀዙ ልጅ ቢያጣ ጥፋተኛው ሞገዱ ይሁን ሙቀቱ አይለይም። ለዚህ ብላ ሁለተኛዎቹን ምንም ሞገድ ሳይነካቸው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ እኩል ታሞቃቸዋለች። ሦስተኛዎቹን ማንም አይነካቸውም። ከዚያ ሦስቱን ታስተያያለች። ሴትየዋ ኑሮዋ እንዲህ ነው፤ እንግዲህ ከእንዲህ ያለች ሰው ጋር ስለ ሾርባ ተከራከሩ።

እስከዚህ ድረስ ይቻላል። ችግር የመጣው አንድ ጠዋት ስንነሣ ሰዎች በገመድ ጣሪያችን ላይ ወጥተው አንቴና ሲያቆሙ ስናይ ነው። የማን ነው? የስልክ ኩባንያ። ማን ፈቀደ? የሕንጻው ባለቤት ጣሪያውን አከራየ። እኛስ? እኛማ ማን ነን!

ደሜ ፈላ። ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ ያልገባኝን ደግሜ አነበብኩ፣ እዚህ ጋዜጣ ላይ ጻፍኩ፣ በየደረጃው ላይ ጮህኩ። ኮሚቴ አቋቋምን። ሰብሳቢያችን ሱቁ ሕንጻው ሥር ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ስብሰባ የሚመራ ቆራጥ ሽማግሌ።

«ስሚ» አለኝ፣ «የባልሽ እህት በጨረር ላይ አይደል የምትሠራው? ትምጣና ‹ጨረር ያመክናል› ትበልልን። አንዲት ዓረፍተ ነገር! ከዚያ በኋላ አንቴናው በራሱ እግር ነው የሚወርደው።»

ወጣሁ። ለመንኳት።

«አልልም» አለች።

«እትዬ፣ ነቀዞችሽ ልጅ አጥተው የለም እንዴ?»

«በሙቅ ውሃውም አጥተዋል። ደግሞስ የእኔ ሳጥን ጣሪያ ላይ አልተሰቀለም። ነቀዝም ኪራይ አይከፍልም።»

«አንድ ጊዜ እንኳ ለሰው ብትቆሚ ምን አለበት?»

«ወንድሜን መውሰድሽ ይበቃሻል» አለችኝ መነጽሯን እየጠረገች። «ነቀዞቼን ተዪልኝ።»

የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን የተቋሙ ዳይሬክተርም ይቺኑ ዓረፍተ ነገር ይለምናት ነበር። ሰውየው ስንዴ በማይክሮዌቭ ውስጥ እያሳለፈ የሚያወጣ ማሽን ለዱቄት ፋብሪካዎች ሊሸጥ አስቧል። «ጨረሩ ነቀዙን ከነዘር ማንዘሩ ያመክናል» የሚል ወረቀት ላይ እንድትፈርም ይፈልጋል። ልብ በሉ፦ እኛ አንቴና ለማስወረድ፣ እሱ ማሽን ለመሸጥ፣ ሁለታችንም ያንኑ ቃል ከዚያችው አፍ። እሷ ለሁለታችንም «ገና ነው»። ሰው ከጠላቱ ጋር እኩል ሲታይ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሰብሳቢያችን ግን ተስፋ አልቆረጠም። አንድ ቀን እትዬ ሱቁ ወርዳ፣ ቆጥራ የጨረሰቻቸውን ሦስት ጠርሙሶች ጨርቅ መቁረጫው ላይ ደርድራ አስረዳችው። ሲያዳምጥ ራሱን ይነቀንቃል። ደስ አላትና ሦስቱንም ተወችለት። እሱ ምን አደረገ? የኩባንያው መሐንዲስ በተገኘበት ስብሰባ ላይ አንዱን ብቻ፣ ለዓይኑ ክፉ የመሰለውን መርጦ ይዞ መጣ።

«እዩ!» አለ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ። «አንድ የተበሳ ፍሬ የለም! አንድ ልጅ አልወጣም! ጨረር ማለት ይሄ ነው! ነገ የእኛም ቤት እንዲህ ነው የሚሆነው!»

አዳራሹ ተነሣ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ። መሐንዲሱ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀምሯል። በዚህ መካከል ከወደ ኋላ አንዲት እጅ ወጣች።

«ጋሼ፣ ያ ጠርሙስ ጨረር አይቶ አያውቅም። የሙቅ ውሃው ነው።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ሕዝባችን ኮቱን አንሥቶ ወደ ቤቱ።

መሐንዲሱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ተነሣና «እንግዲህ ባለሙያዋ ጉዳት እንደሌለው አረጋገጡልን» አለ።

«እሱንም አላልኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያሉት?»

«ጠርሙሱ የሙቅ ውሃ ነው አልኩ። ሌላ ምንም አልወጣኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፍኳት። ባሌ በፎቁና በምድር ቤቱ መካከል መልእክተኛ ሆነ። «እትዬ ሰላም ብላሻለች» ሲለኝ «ከምን ጋር ሲተያይ?» እልና እልከዋለሁ። ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ቀጠነ።

አንድ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እሷ ናት። ከኋላዋ ባለ ታክሲው የዳቦ ሣጥን እያወረደ ይደረድራል፤ ሣጥኑ ሁሉ ጠርሙስ ነው።

«ዳይሬክተሩ ‹ወይ ፈርሚ፣ ወይ ክፍሉን ልቀቂ› አለኝ» አለች ሰላምታ ሳታስቀድም። «የፋብሪካ ሰዎች ሊጎበኙ ነው። ጠርሙሶቹ በረዶ ቤት ይግቡ ብሏል።»

«ይግቡዋ!»

«የልጅ ልጆቹ ስንዴው ውስጥ ናቸው።» ድምፅዋ ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም ነበር። «አሁን ከቀዘቀዙ ይሞታሉ። ከሞቱ ደግሞ ጉዳቱ ይተላለፍ አይተላለፍ የሚነግረኝ የለም። እሱ ያሻውን ጽፎ ይሸጣል፤ እናንተም ያሻችሁን ትጮኻላችሁ።»

«ሰርቀሽ ነው ያመጣሽው?»

«ነቀዝ ነው። ነቀዝ ተሰረቀብኝ ብሎ የሚከስ ካለ ይምጣ።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ «የራስሽ ቤት የለሽም?» አልኳት።

«የእኔ ቤት አንቴናው ሥር ነው። እዚያ ካስቀመጥኳቸው ውጤቱ ምንም ቢሆን አንድ ሰው ተነሥቶ ‹የአንቴናው ነው› ይላል። ያ ሰው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ልክ ነበረች። ባስበው ባስበው ልክ ነበረች።

ጠርሙሶቹን የሚያሞቀውን አምፖልና ቴርሞሜትር ለማውረድ አብሬያት ወደ ላይ ወጣሁ። ቤቷ ከገባሁ ቆይቼ ነበር። መኝታ ቤቱ ባዶ ነው። አልጋዋ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በምድጃውና በማቀዝቀዣው መካከል ተሸጉጣለች፤ ትራሷ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ወድቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቴናው በቀጥታ ከመኝታ ቤቱ በላይ ነው።»

«ፈርተሻል!»

«በጣም» አለች፤ አምፖሉን በፎጣ እየጠቀለለች።

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርሽም? አንቺ ነሽ እኮ ከሁላችን በላይ ሥሩ ያለሽው!»

«መፍራቴን አውቃለሁ። ይጎዳል አይጎዳም የሚለውን አላውቅም። ሁለቱን አቀላቅዬ ካወራሁ ዳይሬክተሩን በምን አፌ ነው እምቢ የምለው?»

አምፖሉን ተቀብያት ወረድኩ።

ቦታ የተገኘው የባሌ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ልብሱን አውጥተን ጠርሙሱን ደረደርን፣ አምፖሉን ሰቀልን፣ ቴርሞሜትሩን አንጠለጠልን። ባሌ መጥቶ በሩን ሲከፍት ነቀዞቹ በሞቀ ብርሃን ውስጥ ተዝናንተው ጠበቁት።

«ሱፌስ?»

«በር ጀርባ ምስማር አለ» አልነው፣ እኔና እህቱ እኩል።

ወሬ በሕንጻ ውስጥ ከአሳንሰር ይፈጥናል፤ አሳንሰራችንማ ቆሟል። በሦስተኛው ቀን ሰብሳቢያችን ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ኮሚቴውን አስከትሎ በሬ ላይ ቆመ።

«ጨረር የመታቸው ነቀዞች ቤትሽ አሉ አሉ! ቢያመልጡስ? ዱቄታችን ውስጥ ገብተው ቢራቡብንስ?»

«ጋሼ፣ ‹ያመክናል› ሲሉኝ አልነበር እንዴ? መካን ነቀዝ እንዴት አድርጎ ነው የሚራባው?»

«እሱ... እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ።

ገና እሱን ሳልጨርስ ዳይሬክተሩ ከአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጋር መጣ። ከረቫቱ የደመቀ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው። «እመቤቴ፣ የተቋሙን ንብረት ልንረከብ ነው። ነገሩን አናካርረው።»

አያችሁ? ትናንት አንዲት ዓረፍተ ነገር የፈለጉ ሁለት ሰዎች ዛሬ አንድ በር ላይ ቆመው አንዲት ነገር ይፈልጋሉ፦ ነቀዞቹ እንዲጠፉ። ዓመቱን ሙሉ ስቆጣ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ቁጣዬ መሬት ረግጦ አያውቅም። እጄን በመቃኑ ላይ ዘረጋሁ።

«ጠርሙሱ የእርስዎ ነው፤ ይመለስልዎታል። ታጥቦ፣ ደርቆ ይመለስልዎታል። ውስጡ ያሉት ግን ልጆቻቸውን ሳያሳድጉ የትም አይሄዱም! ጋሼ፣ እርስዎም ዱቄትዎን ይክደኑ!»

«በሕግ እጠይቅሻለሁ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ይጠይቁኝ! ከሳሽ ‹ነቀዝ ተወሰደብኝ› ሲል ዳኛው ፊት ለመቆም ቸኩያለሁ!»

ጠባቂው ሳቁ አመለጠው። ዳይሬክተሩ ወደ እሱ ዞር ብሎ አየው፣ ወደ እኔ አየ፣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት ሆነ። ስንዴውን በወንፊት ትነፋለች፣ የወጡትን ነቀዞች ነጭ ትሪ ላይ ታፈሳለች፣ በቀጭን ብሩሽ እየለየች ትቆጥራለች። እኔም ጎኗ ተቀመጥኩ። ነቀዝ ሲነኩት እግሩን ሰብስቦ ሬሳ ይሆናል። «ሞተ» ስላት «አስመስሎ ነው፤ ጠብቂው» ትለኛለች። እውነትም ትንሽ ቆይቶ አንድ እግሩን ያወጣል፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ይሮጣል። ባሌ አንድ ቀን በትሪው ላይ አስነጠሰ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

የመጨረሻው ጠርሙስ ሲያልቅ ብሩሿን አስቀመጠች።

«እኩል ናቸው» አለች። «ልጆቹ ላይ የማይክሮዌቩም የሙቅ ውሃውም ቁጥር ቀንሶ ነበር። የልጅ ልጆቹ ግን በሦስቱም እኩል ወጥተዋል። ጉዳቱ አልተላለፈም። በእነዚህ ነቀዞች፣ በዚያ ሳጥን፣ በዚያ ሙቀት።»

ማለትም የዳይሬክተሩ ማሽን ዘር ማንዘር አያመክንም። ማለትም የእኔም ትልቁ መሣሪያ ከሸፈ። እሷ ለሁለታችንም ያየችውን እንዳየችው ነገረችን። ዳይሬክተሩ ክፍሉን ነጥቆ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወራት። በማግስቱ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ግምጃ ቤት ገባች።

አንቴናውን በተመለከተ እንደገና ተጠራን። መሐንዲሱ ወሬው ደርሶታል፤ ፈክቶ መጣ።

«የራሳችሁ ባለሙያ መርምረው ነቀዞቹ ምንም እንዳልሆኑ አግኝተዋል» አለ። «እንግዲህ ምን ቀረ?»

እትዬ ተነሣች። እጇን አላወጣችም፤ ዝም ብላ ነው የተነሣችው።

«ነቀዞቼ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ እውነት ነው» አለች። መሬት እንድትውጠኝ ተመኘሁ። «ግን ልንገርዎ። እኔ ነቀዞቹን ሳጥን ውስጥ ሳስገባ ፈቃድ አልጠየቅኳቸውም። ነቀዝ ናቸው። እኛስ?»

«ወይዘሮ፣ ጉዳት እንደሌለው...»

«ጉዳት አለው አላልኩም! የለውምም አላልኩም! ነቀዝ ቆጥሬ ስለ ሰው አልናገርም፤ እርስዎም አይናገሩብኝ! እርስዎ አያውቁም፣ እኔም አላውቅም፤ ሥሩ የምተኛው ግን እኔ ነኝ!» ከፊቷ ያለውን ወንበር በመዳፏ መታችው። «ጣሪያችን ላይ ወጥታችሁ ስታቆሙት ማን ጠየቀን? ይህን ለማወቅ ጠርሙስም ነቀዝም አያስፈልግም! ማን ጠየቀን?»

ከዚያ ሰብሳቢያችን ሜትሩን ከአንገቱ ላይ መንጥቆ «ማን ጠየቀን!» አለ፤ ከዚያ ሁሉም። መሐንዲሱ «ለበላይ አካል አቀርባለሁ» ብሎ ሊቀመጥ ሲል «አይቀመጡ!» አለችው። «ቁጭ ብላችሁ ከእያንዳንዳችን ጋር እስክትነጋገሩ ድረስ አጥፉት። ዛሬ!»

መሐንዲሱ እንደቆመ «እስክንነጋገር ይጠፋል» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈ። እሷም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ቃል በቃል አነበበችው።

ባሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና በኩራት «እህቴን አየሻት?» አለኝ።

«ዝም በል» አልኩት። «የእኔ ናት።»